የጥይት መቀናጆ

ባለፈው ኅዳር፣ ውሃው ከማሳው ሸሽቶ ሩዙ ሲታጨድ፣ ትንሿ ልጄ ከጭቃ ውስጥ አንድ ቀለህ ለቅማ መጣች። ቀለህ ማለት ጥይት ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው ባዶ የናስ ቅርፊት ነው። እሷ ምንነቱን አላወቀችም። አፉን ከንፈሯ ላይ ደግፋ ብትነፋው ቀጭን ፉጨት አወጣላትና ደስ ብሏት ግቢውን እየዞረች ስታፏጭ ዋለች። እኔ ጓሮ ሽንኩርት እየኮተኮትኩ ነበር፤ ፉጨቱን ስሰማ እጄ ቆመ። ጠርቼ ተቀበልኳትና አሸተትኩት። ባሩድ ባሩድ አይልም፤ የሚሸተው ዝገትና የፎገራ ጭቃ ብቻ ነው። ቢሆንም ጣቶቼ ላይ የቀረው የናስ ሽታ ቀኑን ሙሉ አልለቅ አለኝ።

ባለቤቴ ከደጃፉ ሆና «ወረታ ገበያ ውሰደው፤ ዛሬማ ቀለህም ይገዛል አሉ» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። ጥይት እንዲህ ሲወደድ ባዶው ቅርፊት ሳይቀር ፈላጊ አገኘ። ለልጄ መልሼ ሰጠኋት፤ የኔን ነገር ግን አንዴ ተቀስቅሷልና ላንተ ልንገርህ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ከአባቴ እጀምራለሁ።

አባቴ አዳኝ አልነበረም፤ ሽፍታም አልነበረም። ኢላማ መምታት የሚወድ ገበሬ ነበር፣ በቃ። ከአያቴ የወረሳት አንዲት ረጅም ምንሽር ጠመንጃ ነበረችው። ሰደፏ ላይ የአያቴም የእሱም ጉንጭ እየተደገፈ እንጨቱ ጠቁሮ እንደ መስታወት ያበራ ነበር፤ ቅቤና ላብ ትሸታለች። አባቴ ስለ እሷ ሲያወራ «እሱ» ይላታል፣ እንደ ሰው። «ዛሬ እሱ ከፍቶታል» ይላል፣ ከሳተ። ጥፋቱን ወስዶ አያውቅም።

አንተ ፎገራን በክረምት ብቻ ካየኸው ባሕር ነው የሚመስልህ። በበጋ ግን ሩዙ ታጭዶ፣ ጓያውና ሽምብራው ተነቅሎ፣ ሜዳው እስከ ጣና ድረስ ይዘረጋል፤ ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ የለውም። የተኩስ ድምፅ እንደዚያ ሜዳ የሚመቸው ቦታ አላየሁም። እሑድ ከቁሐር ሚካኤል ቅዳሴ መልስ የሰፈሩ ወንዶች ብቻዋን በቆመችው ሾላ ላይ ቅል ያንጠለጥሉና በተራ ይተኩሱ ነበር። የሳተ ለሚቀጥለው እሑድ ጠላ ያስጠምቃል። ሚስቶቹ «እናንተ ስትስቱ ጌሾ የምንወቅጥ እኛ» እያሉ ያሽሟጥጡ ነበር። እናቴ ግን ይህን ብላ አታውቅም፤ አባቴ እምብዛም አይስትማ። እሷ ከቤት ሆና ድምፁን ብቻ ሰምታ «ይቺ የኔ ናት» ትል ነበር። ሌላው ጠመንጃ ሲጮህ አንገቷን አታቀናም፤ የአባቴ ሲጮህ ብቻ ፈገግ ትላለች። ድምፁ ሞላ ያለና ወደ ታች የሚወርድ ነው ትል ነበር። እኔ ልዩነቱን ለመስማት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ያን ጊዜ አንድ ጥይት በአንዲት ዶሮ ይገኝ ነበር። ዶሮ ደግሞ በየቤቱ ነች። ከዚያ ዋጋው መንቀሳቀስ ጀመረ። ዶሮዋ አውራ ዶሮ ሆነች፣ አውራ ዶሮው ጠቦት ሆነ፤ ኋላማ ባለጥይቶቹ ዋጋ ሲጠየቁ ፊታቸውን አዙረው መሳቅ ጀመሩ። የእሑዱ ተኩስ ሳሳ። ጠመንጃቸውን ለጌጥ ብቻ ይዘው የሚመጡ በዙ። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዝናራቸውን በባዶ ቀለህ ሞልተው ሠርግ ላይ ይፎክሩ ጀመር፤ ሲዘሉ ቀለሁ እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። አባቴ «አያ፣ ዝናርዎ ማሕሌት ቆመ» ቢላቸው ሳምንት አኮረፉት።

አባቴ በመስከረም ሞተ፤ ውሃው ሲሸሽ የምትመጣው ወባ ወሰደችው። ትኩሳቱ ሲለቀው እኔን ጠርቶ የተናገረው ስለ መሬት አልነበረም፣ ስለ ከብትም አልነበረም። «ዝም እንዳታሰኘው» አለኝ። ማንን እንደሚል አልጠየቅኩም።

አሁን ስለ ወዳጄ ልንገርህ።

የእሱን ቤትና የእኛን ቤት የሚለየው አጥር ብቻ ነበር። እድሜያችን እኩል ነው፤ አብረን ተገርዘናል፣ አብረን ዲቁና ጀምረን አብረን ትተናል። አንድ ክረምት እኔ ወባ ይዞኝ ስንቀጠቀጥ፣ ጎርፉ መንገዱን ሲዘጋው፣ በታንኳ አጋድሞ እየቀዘፈ እስከ አስፋልቱ ያደረሰኝ እሱ ነው። ጀርባው ላይ ዝናብ እየወረደ «እንዳትሞትብኝ፤ ብቻዬን ማረስ አልችልም» ይለኝ የነበረው አሁንም ይሰማኛል። ይህን የምነግርህ እንዲሁ እንዳትጠላው ብዬ ነው። ወድጄው ነበር። ባልወደው ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም።

እኛ አንድ በሬ ነበረን፣ እነሱም አንድ በሬ። ስለዚህ መቀናጆ ገባን። መቀናጆ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሰዎች በሬዎቻቸውን አንድ ቀንበር ሥር ጠምደው በየተራ የሚያርሱበት ስምምነት ነው፤ ያለ መተማመን አይቆምም፤ ያንተ በሬ በሰው ማሳ ሲውል አለንጋውን የያዘው ሌላ ነውና። አባቴ ከሞተ በኋላ ጠመንጃውም ተቀናጀ። እኔ ምንሽር አለችኝ፣ ጥይት የለኝም። እሱ ጠመንጃ የለውም፣ ግን ሽንኩርትና ሩዝ ይዞ እስከ ጎንደር ስለሚወጣ ጥይት የሚያገኝበትን ያውቃል። ሰፈሩ «የጥይት መቀናጆ» ብሎ ስም አወጣልን። እኛም በስሙ ኮራን።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሚዛኑን የጠበቀ ነበር። እኔ አንዴ፣ እሱ አንዴ። ጥይት እየተወደደ ሲሄድ ግን ሳናውቀው ወደ እሱ አጋደለ። ጥይት ያመጣው እሱ ነውና ቀድሞ የሚተኩሰው እሱ ሆነ፤ ኢላማውን የሚመርጠውም እሱ ሆነ። እኔ ቅር አላለኝም። የሚገርመኝ ዛሬ ነው።

አንድ ቀን ከሾላዋ ሥር ተቀምጠን ቀለህ እየለቀምን ነበር። ፀሐዩ ከነዶው ላይ እየተንጸባረቀ ዓይን ይወጋል። አንዷን ቀለህ በጣቱ እያሽከረከረ «ወንድማለም፣ ይህን ከእንግዲህ አንጣለው» አለኝ። «ሐሙሲት መንገድ ላይ ያሉት ቀጥቃጭ ይሞሉታል። እርሳሱን ያቀልጣሉ፣ ባሩዱንም ያገኛሉ። ካዲሱ ጥይት ጋር ሲተያይ በሽራፊ ነው።»

«ይሠራል?» አልኩት።

«ሰው እየተኮሰበት ነው እኮ።»

ቀጥቃጩን አውቃቸው ነበር፤ ማረሻችንን የሚያወጡልን እሳቸው ናቸው። ስለዚህ አመንኩ። ቀለህ መልቀም የኔ ሥራ ሆነ። ከተኮስን በኋላ በነዶው መካከል እየዳበስኩ፣ የሰው ቀለህ ሳይቀር እየለመንኩ፣ ለእሱ እሰጣለሁ፤ እሱ ወደ ሐሙሲት ሲያልፍ ያደርስና ተሞልቶ ያመጣልኛል። የመጀመሪያዎቹ እንዴት ደግ ነበሩ መሰለህ። ጭሳቸው ትንሽ ጠቆር ይላል፣ ሽታቸው ከአዲሱ ጥይት ይከረፋል፤ ግን ቅሉን ያፈርሱታል። እናቴ ከቤት ሆና ሰምታ «ይቺ የኔ ናት» አለች፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ያን ቀን ብቻ ነው ጥርሷን ያየሁት።

ወደ ግንቦት ግን ነገሩ ተለወጠ። ቃታ ስስብ «ጧ» ማለት ቀርቶ እርጥብ እንጨት ሲሰበር ያለ ድምፅ ይወጣል። ጥይቷ ሾላዋ ጋ ሳትደርስ አፈር ስታስነሣ በዓይኔ አየኋት። አንዳንዷ ጭራሽ ትከሽፋለች። ወዳጄ ሲተኩስ ግን አንዳንዴ ይመታል፤ «እጅህ ከብዶብሃል፤ ኀዘን ነው» ይለኛል። እኔም እውነት መስሎኝ ጠመንጃውን እየታቀፍኩ ትንፋሼን ለማስተካከል ስታገል እከርም ነበር። ጥይቱን ከዝናሩ እያወጣ የሚያጎርሰኝ እሱ መሆኑን አስቤው አላውቅም። ወንድም ሲያጎርስህ ታላምጣለህ እንጂ አታይም።

የአባቴ ሙት ዓመት ደረሰ። በእኛ ሰፈር ባለጠመንጃ ሲሞት፣ በዓመቱ ሰው ተሰብስቦ ቄሶቹ ፍታቱን ሲጨርሱ፣ የገዛ ጠመንጃው በገዛ ግቢው ይተኮሳል። ሟቹን የመጨረሻ መሸኛ እንደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሚስት ጥቁሯን የምታወልቅ። እናቴ ያን ቀን ነጩን ቀሚሷን አጥባ፣ አጥፋ፣ መደቡ ላይ አስቀምጣዋለች። ተኩሱን ሰምታ ልትቀይር።

ግቢው ሙሉ ነበር። ጭቃው ገና አልደረቀም፤ የሰው እግር ሲረግጠው ጨቅ ጨቅ ይላል። ወዳጄ ጥይት አጎረሰልኝ። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጌ ቃታውን ሳብኩ። ከሸፈ። ሌላ አጎረሰልኝ። እሷ ወጣች፣ ግን ምን ወጣች ትላታለህ። ሕፃን ሲያስነጥስ ያለ ድምፅ ነበር። ዶሮዎቹ እንኳ አልደነገጡም። ከሰዉ መካከል አንዱ ሳቁን ሲውጥ ተሰማኝ። እናቴን አየኋት። እጇ በነጩ ቀሚስ ላይ ነበር፤ ቀስ ብላ አነሣችው።

ያን ጊዜ ወዳጄ ወደ እሷ ሄዶ ጎንበስ ብሎ እንዲህ አላት፤ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። «እትዬ፣ አይዘኑ። ጠመንጃ ባለቤቱ ሲሞት ይኮርፋል ይባላል። አባቶች ሲሉ ሰምቻለሁ። እሱም አዝኖ ነው።»

እናቴ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ በእንባ ሞልቶ ነበር፤ ፊቷ ግን ተፈታ። «አዝኖ ነው?» አለች። ከዚያም ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ «አዎ፤ አዝኖ ነው። እኔስ አዝኜ አይደል?» አለችና ነጩን ቀሚስ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። «እሱ ኀዘኑን ሳይጨርስ እኔ አልጨርስም» አለችኝ በማግስቱ። ጥቁሩን አላወለቀችም።

ትንሽ ሳቅ ካላስገባሁበት ይህ ታሪክ ያንቀኛል፤ ስለዚህ የጠበሉን ልንገርህ። እናቴ ጠመንጃውን ከኀዘን ለማውጣት ኅዳር ሚካኤል ዕለት ነጠላ ለብሳ፣ እሱንም ነጠላ አልብሳ፣ ቁሐር ሚካኤል ወሰደችው። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ሰው እንዳያየኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር። የነፍስ አባታችን ቄስ ነገሩን ሰምተው ጢማቸውን ዳበሱ። «ብረት በጠበል ይዝጋል እንጂ አይድንም፣ ልጄ» አሏት። እሷ ግን «አባቴ፣ እርስዎ ይጸልዩለት፤ ዝገቱን እኔ አውቃለሁ» አለችና በአፈሙዙ አንቆረቆረችበት። ውሃው ከታች ሲወጣ ጥቁር ነበር። «አያችሁ? ኀዘኑ ነው» አለች። ቤት ስንመለስ ውስጡን በጨርቅና በቅቤ ስፈትግ ዋልኩ፤ ለሳምንት ያህል ቤታችን ወጥ የሚሠራበት ነበር የሚመስለው።

ድምፁ አልተመለሰም። እንዴትስ ይመለስ፣ የሚያጎርሰው ያው ወዳጄ።

ከዚያ ወዳጄ መጣ። የሩዙ አጨዳ ላይ ነን፤ ማጭዱን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ አጠገቤ ተቀመጠ። «ወንድማለም፣ ጠመንጃው እናንተ ቤት ሆኖ አባትህን አይረሳም» አለኝ። «የሰው ቤት ቢያድር ይሻለው ይሆናል። ለእኔ ስጠኝ። ያቺን ቀይ ጊደሬን ውሰድ። ቢድን የሁላችን ነው፣ ባይድን ኪሳራው የኔ።»

ጊደሯ የፎገራ ጊደር ነበረች፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ቆዳዋ የሚያበራ። ደግነት መሰለኝ። ላልዳነ ብረት ጊደር የሚሰጥ ወንድም ከየት ይገኛል አልኩ በልቤ። እናቴም እሺ አለች፤ «ወዳጅ ቤት ይረፍ» ብላ። ያን ነጠላ ከጠመንጃው ላይ አልገፈፈችም፤ እንደ ጠቀለለችው አስረከበችው። ሲወስደው አጥሩ ጋ ደርሶ ዞር ብሎ አየን። ያ አስተያየቱ ምን እንደነበር ዛሬም አላውቅም። አንዳንድ ቀን ጸጸት ነበር እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ተከትለነው እንዳንመጣ ነበር እላለሁ።

ጥር ገባና ወዳጄ አገባ። እኔ አንደኛ ሚዜው ነበርኩ፤ ሌላ ማን ይሆናል? ሙሽሪት ከሜዳው ማዶ ካለው ሰፈር ነበረች። በዚያ ሰፈር ደንብ የሙሽራው ወገን ሲመጣ የልጅቷ ወንድሞች በራቸው ላይ ቅል ይሰቅላሉ። ያ ቅል ሳይመታ ሙሽራው ግቢ አይገባም፤ የሚተኩሰውም ሚዜ ነው። ከሳተ ሙሽራው ከነአጃቢው ፀሐይ ላይ ቆሞ እየተሰደበ ይውላል።

ቅሉን አየሁት። በጣም ሩቅ አልነበረም፤ ግን ነፋስ ያወዛውዘዋል። ወዳጄ ነጠላውን ገልጦ ምንሽሯን አቀበለኝ። ሙሽራ ነውና በሰው ፊት ሊያጎርስልኝ አልተመቸውም፤ ዝናሩን ፈትቶ አጠለቀልኝ። «በለው እንግዲህ» አለኝ። ዝናሩ ከበደኝ። ሙሉ ነበር፤ የሚያብረቀርቁ፣ እጅ ያልነካቸው አዳዲስ ጥይቶች ነበሩ። ለሠርጉ ብሎ ምን ያህል ቢጨነቅ ነው ብዬ አዘንኩለት። አየህ፣ እኔ ያን ጊዜ እንዲህ ነበርኩ።

አጎረስኩ፣ አቀባበልኩ፣ ጉንጬን ሰደፉ ላይ አሳረፍኩ። ቅቤው ገና አልለቀቀም፤ አባቴን ሸተተኝ። ቃታውን ሳብኩ።

ጠመንጃው ትከሻዬን መታኝ። ያን ምት ረስቼው ነበር። ድምፁ ሞልቶ ወጣና በሜዳው ላይ ወደ ታች ወረደ፤ እናቴ ትለው እንደነበረው። ቅሉ ከነገመዱ ጠፋ። እልልታው ሲቀልጥ እኔ አልሰማሁም። ዳነ፣ ዳነ እያልኩ ሰደፉን ስስም ነበር። ወዳጄን አቀፍኩት፤ አለቀስኩ። እሱ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

ገብተን ዳሱ ሥር ተቀመጥን። ምግብ ሲቀርብ ለመታጠብ ስወጣ ቀጥቃጩን አገኘኋቸው፤ የልጅቷ ቤት ጎረቤት ስለሆኑ ተጠርተዋል። እጄን ያዙና «ያቺ ተኩስ ያንተ ናት? እሰይ» አሉኝ። ከዚያም፣ ሰው ስለ ጤናህ እንደሚጠይቅ፣ «ወፎቹስ ሄዱልህ?» አሉኝ።

«የምን ወፍ?»

«የሩዙ ነዋ። ወዳጅህ ቀለህ ባመጣ ቁጥር ይለያል። ‹ይኼኛውን አሳምረው ይሙሉልኝ፤ ይኼኛው ለወፍ ማባረሪያ ነው፣ ድምፅ ትንሽ ካሰማ ይበቃዋል፣ ባሩዱን ይቀንሱት› ይለኝ ነበር። የማን ነው ብለው የአንተ ነው አለኝ። ይህ ልጅ አባቱ ሞቶ በዚያ ላይ እንዲህ ያለ ወፍ ወረደበት ብዬ አዝኜልህ ከረምኩ።»

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ለወዳጄ መሟገት ነበር። ሽማግሌው ተሳስተዋል አልኩ በልቤ፤ ብዙ ቀለህ ነው የሚመጣላቸው፣ ሰው ለሰው ተምታቶባቸዋል አልኩ። ከዚያ ዝናሩን ዳበስኩት፤ ገና ወገቤ ላይ ነበር። ግንቦት ትዝ አለኝ። እሱ ሲተኩስ ይመታል፣ እኔ ስተኩስ አልመታም። የሙት ዓመቱ ትዝ አለኝ፤ ከዝናሩ የትኛውን እንደሚያወጣ ጣቱ ሲመርጥ። «እትዬ፣ አዝኖ ነው» ያለው ድምፁ ትዝ አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እጄ እርጥብ እንደሆነ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ሽማግሌው ፎጣ ይዘው እየጠበቁኝ ነበር።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ተረቱን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ወድቄ ግን አላውቅም ነበር።

ሚዜ ከሙሽራው ጎን ይቀመጣል፤ ሌላ ቦታ የለውም። ተመልሼ ጎኑ ተቀመጥኩ። ከበሮው እየተመታ፣ ሴቶቹ እየዘፈኑ፣ ፊታችን ሰው እንደ ሞላ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብዬ «ለወፍ ነው ያልካቸው?» አልኩት።

አልዞረም። የያዘውን ጉርሻ አላመጠና ዋጠ። «ዛሬ ሠርጌ ነው፣ ወንድማለም» አለ።

«እናቴ እስከ ዛሬ ጥቁር ለብሳለች።»

ከንፈሩን አላንቀሳቀሰም በሚባል ሁኔታ ተናገረ። «ጥይት የገዛሁ እኔ። ሐሙሲት የተመላለስኩ እኔ። ጥይት እንዲህ ተወዶ ያለ እኔ ያ ጠመንጃ ምርኩዝ ነበር። የኔ ጥይት ነው ጠመንጃ ያደረገው።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«አትሰጠኝም ነበራ።»

እውነቱን ነው፤ አልሰጠውም ነበር። ግን ጠመንጃውን ቢሰርቀኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ የወሰደው ብረቱን ብቻ አልነበረም፤ የእናቴን ኀዘን መሣሪያ አድርጎ ነው የወሰደው። ይህን ልለው አፌን ስከፍት የልጅቷ እናት መጥተው ፊታችን ቆሙ፤ «ሙሽራው ሚዜውን ያጉርስ» ተባለ። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ወዳጄ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አፌ አመጣው። ሰው እያየኝ ጎረስኩ።

ዛሬ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ልጆቹ ልጆቼን ያውቃሉ። የጥይት ዋጋ ዛሬ ያኔ ከነበረው አይገናኝም፤ በዚያ ላይ አሁን ሜዳው ላይ ተኩስ ሲሰማ የማን ሠርግ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሰው ልጁን ይጠራና በሩን ይዘጋል። ምንሽሯ አሁንም እሱ ቤት ናት መሰለኝ። ጠይቄው አላውቅም።

ያን የሠርግ ቀን ሙሽሪትን ይዘን ወደ ሙሽራው ቤት ስንመለስ ፀሐይ ወደ ጣና ማዘንበል ጀምራለች። ሚዜ ሙሽራውን ጥሎ አይሄድም፤ እናቴን አይቼ ልምጣ ብዬ ግን ለመንኩና ፈቀዱልኝ። አጥሩን ሳልፍ የምነግራት ነገር ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበር። ጠመንጃው አላኮረፈም እላታለሁ፤ ያኮረፈ የለም፣ ያታለለን ሰው ነው እላታለሁ። ለሽማግሌ እንናገራለን፣ ጊደሯን እንመልሳለን፣ የአባቴን እናስመልሳለን እላታለሁ። ቁጣዬ እግሬን ያፈጥነው ነበር።

እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ነጩን ቀሚስ ለብሳለች። ፀጉሯን ተቀብታ፣ ነጠላዋን እንደ በዓል ቀን አጣፍታ፣ ወደ ሜዳው ትመለከታለች። ጥቁሩ አጠገቧ ታጥፎ ተቀምጧል። ከአባቴ ሞት ወዲህ ፊቷን እንዲያ አይቼው አላውቅም፤ የወጣትነቷን መልክ ያየሁ ነው የመሰለኝ።

«ሰማሁት» አለችኝ። «ተዚያ ማዶ ነው አይደል? የሌላ ሰው መስሎኝ ነበር መጀመሪያ። ኋላ ወደ ታች ሲወርድ አወቅሁት። ይቺ የኔ ናት አልኩ ብቻዬን ተቀምጬ።»

አፌ ውስጥ የነበረው ሁሉ ደረቀ።

«ተኀዘኑ ወጣ፣ ልጄ» አለች። «እሱ ተወጣ እኔም ይበቃኛል። አባትህ እንኳ ይሄን ቢሰማ ደስ ይለዋል።» ከዚያም እጄን ያዘችና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «ያንን ልጅ እግዜር ይስጠው። ወስዶ አስታሞ አዳነው። እኛ እኮ አቅቶን ነበር።»

ምን ልበላት? ንገረኝ እስቲ። የተዘጋጀው ቃል ሁሉ እውነት ነበር፤ አንዱም ሐሰት የለውም። ግን ያንን እውነት ባወጣው ነጩን ቀሚስ መልሳ ታወልቀዋለች፤ ከሙት ዓመቱ ወዲህ ያለቀሰችው ለተንኮል እንደነበር ታውቃለች። ያ ጠመንጃ አብሯት አዝኗል ብላ ነው የጸናችው። እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ አልነገርኳትም። ያን ቀን ዝም አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ልማድ ሆነ።

«ሂድ» አለችኝ፣ «ሚዜ እንዲህ አይቀመጥም። ምርቃቴን አድርስለት። ቤትህ ይሙቅ፣ ዘርህ ይብዛ፣ የጨበጥከው ይባረክልህ፤ እኔን ተኀዘን እንዳወጣኸኝ አንተን ኀዘን አይንካህ በለው። ሁሉንም በለው፤ አትቀንስ።»

ተነሥቼ ተመለስኩ። ወዳጄ ዳሱ ሥር ከሙሽሪት ጎን ተቀምጧል። ስመጣ ሲያየኝ ፊቱ ተለወጠ፤ ሽማግሌ ይዤ የመጣሁ መስሎታል። ወደ ኋላዬ ተመለከተ፤ ማንም የለም።

ፊቱ ቆምኩ። «እናቴ መርቃሃለች» አልኩት፣ ሰው እየሰማ። ቤትህ ይሙቅ፣ ዘርህ ይብዛ አልኩት። የጨበጥከው ይባረክልህ አልኩት። ኀዘን አይንካህ አልኩት። እንዳዘዘችኝ ምንም አልቀነስኩም።

ኩታውን ከራሱ ላይ አወረደና አንገቱን ደፋ። ሰዎቹ በደስታ መስሏቸው ነበር። በመጨረሻ «አሜን» አለ። ድምፁ አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል። በዙሪያችን ያሉት ሁሉ ተቀብለው አሜን አሉ፤ እኔም ሚዜ ነኝና አብሬያቸው አልኩ።